ከድቷል ለተባለ ወታደር ሌላው ይሙትለት?

ለጁን 30 ቀን 2009 እ.ኤ.አ. አጥቢያ፣ በደቡብ ምሥራቅ አፍጋኒስታን በፓክቲካ ክፍለ ሀገር፣ መስት በምትባል መንደር አጠገብ ከነበረች ትንሽ የአሜሪካ ጦር ምሽግ አንድ ወታደር በጨለማ ወጥቶ ሄደ። ስሙ ቦው በርግዳል ይባላል፤ ዕድሜው 23፣ ትውልዱ ኢዳሆ ግዛት፣ ክፍሉ አላስካ የሚገኝ የአየር ወለድ እግረኛ ሻለቃ ነበር። ሲነጋ ቢፈለግ የለም። ጠመንጃው ግን አለ፤ የሌሊት መመልከቻ መነጽሩም አለ። በሰዓታት ውስጥ በታሊባን እጅ ወደቀ፤ ከእነሱም ሐቃኒ ለሚባለው ቡድን ተላልፎ ድንበር ተሻግሮ ፓኪስታን ገባ። አምስት ዓመት ገደማ በምርኮ ቆየ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በዚያ ማለዳ የተነሣው ጥያቄ ዛሬም ድረስ የብዙ አሜሪካውያንን ቤት ለሁለት የሚከፍል ነው። አንድ ሰው በገዛ እግሩ ጓዶቹን ጥሎ ሄዷል ተብሎ ከተጠረጠረ፣ እሱን ለማስመለስ የሌሎች ወታደሮች ሕይወት ለአደጋ ይሰጥ ዘንድ ይገባልን? ብዙ ሰው መልሱን ገና ጥያቄው ሳያልቅ ያውቀዋል። አንዱ «ማንም አይተውም» ይላል፣ ሌላው «የራሱ ጥፋት፣ ራሱ ይወጣው» ይላል። ሁለቱም በከፊል ልክ ናቸው ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ ነገሩን ቀስ ብለን ከመጀመሪያዋ ሰዓት እንነሣ።

አንባቢ ራሱን በዚያ ምሽግ አዛዥ ቦታ ያስቀምጥ። ሰው ጎድሏል። መጀመሪያ የሚደረገው በየድንኳኑ፣ በየተሽከርካሪው፣ በየጉድጓዱ መፈለግ ነው። ቀጥሎ የጎደለ ንብረት ይቆጠራል። ቀጥሎ በሬዲዮ ወደ ላይ ሪፖርት ይደረጋል። የአሜሪካ ጦር ለዚህ ራሱን የቻለ መጠሪያ አለው፤ «በሥራ ላይ ያለ፣ የት እንደደረሰ ያልታወቀ» እንደማለት ነው። ይህ መጠሪያ ጠፊውን ጀግናም ከሃዲም አይለውም። ሆን ተብሎም እንዲሁ የተዘጋጀ ነው፤ ምክንያቱም በዚያች ሰዓት የሚታወቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰውየው የለም። ተይዞ ይሆናል። ለመጸዳዳት ወጥቶ መንገድ ስቶ ይሆናል። አእምሮው ታውኮ ይሆናል። ከድቶም ይሆናል። ጠመንጃውን ትቶ መሄዱ ወደ መጨረሻው ግምት ያመዝናል፤ ጓዶቹም ከቀድሞ ንግግሩና ዕቃውን ወደ አገር ቤት ከመላኩ ተነሥተው ወዲያው ጠርጥረዋል። ጥርጣሬያቸው ከንቱ አልነበረም። ነገር ግን ጥርጣሬ ነው።

ሕጉም ቢሆን በራስ እግር መሄድንና መክዳትን አንድ አያደርጋቸውም። በአሜሪካ ወታደራዊ ሕግ አንቀጽ 86 ያለፈቃድ ከክፍል መቅረትን፣ አንቀጽ 85 ደግሞ ኩብለላን ይቀጣሉ። የሚለያያቸው በልብ ያለው ሐሳብ ነው። ኮብላይ የሚባለው ላይመለስ የሄደ፣ ወይም ከአደገኛ ግዳጅና ከከባድ አገልግሎት ለማምለጥ ብሎ የጠፋ ነው። በጦርነት ጊዜ ቅጣቱ እስከ ሞት ይደርሳል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ኤዲ ስሎቪክ የተባለ ወታደር ጃንዋሪ 31 ቀን 1945 በፈረንሳይ ምድር በጥይት ተደብድቦ ተገድሏል፤ ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ወዲህ በኩብለላ ምክንያት የተገደለ ሌላ የአሜሪካ ወታደር የለም። እሱ ክህደቱን በገዛ እጁ ጽፎ ያመነ ሰው ነበር። ያም ሆኖ ጦር ፍርድ ቤት ሳይቀርብ አልተቀጣም። እንግዲህ ያንን ያህል ጨካኝ በነበረ ዘመን እንኳ ችሎት ከቅጣት ከቀደመ፣ በጥርጣሬ ብቻ ሰውን ለጠላት ሰንሰለት መተው ምን ይባላል? ፍርዱን ሻለቃው ሰጥቶ ቅጣቱን ጠላት እንዲያስፈጽም ማድረግ ነው።

በልብ ያለ ሐሳብ ደግሞ ከምሽግ ሆኖ አይነበብም። በርግዳል ከተመለሰ በኋላ ሜጀር ጄኔራል ኬኔት ዳል ጉዳዩን መረመሩ። ወታደሩ የሰጠው ቃል ብዙዎችን አስገረመ። ወደ ታሊባን አልሄድኩም አለ። የክፍሌ አመራር አደገኛ ነው ብዬ ስላመንኩ፣ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደምትገኘው ሻራና የጦር ሰፈር በእግሬ ሄጄ ለከፍተኛ አዛዥ ለመናገር ነበር፤ በመጥፋቴ የሚነሣው ግርግር ሰሚ እንደሚያስገኝልኝ አስቤ ነበር አለ። ይህ የጤነኛ ሰው ዕቅድ አይመስልም፤ አልነበረምም። የሐኪሞች ቦርድ በወቅቱ ከባድ የባሕርይ መታወክ እንደነበረበት አረጋግጧል። ከዚያ ይበልጥ የሚያሳዝነው፣ ይህ ሰው በ2006 ወደ አሜሪካ የባሕር ዳርቻ ጥበቃ ገብቶ ሥልጠናውን ሳይጨርስ በሥነ ልቦና ምክንያት የተሰናበተ መሆኑ ነው። እግረኛ ጦሩ በ2008 ይህን በልዩ ፈቃድ አልፎ ቀጠረው፤ ያን ጊዜ ለኢራቅና ለአፍጋኒስታን ሰው ያስፈልግ ነበር። እኔ ከዚህ ጉዳይ ሁሉ አጥብቄ የምይዘው ይህንን ነው፤ ሰውየውን ወደዚያ ምሽግ ያመጣው መሥሪያ ቤት፣ ሰውየው ሲጠፋ «እኔን አይመለከተኝም» ማለት አይችልም።

ፍለጋውን የሚደግፍ ሌላም ምክንያት አለ፤ ይህኛው ለጠፋው ሰው ከማዘን ጋር አይገናኝም። ምርኮኛ ለያዘው ወገን ሀብት ነው። በርግዳል በጠፋ በሦስት ሳምንት ውስጥ ታሊባን ቪዲዮውን አወጣ። በርግዳል ስለ ክፍሉ፣ ስለ መሣሪያው፣ ስለ ቃፊሩ ፈረቃ የሚያውቀው ሁሉ በዱላ ሊወጣ የሚችል ነው። ቆይቶም መደራደሪያ ይሆናል። የዱላው ነገር ግምት አይደለም፤ በሰንሰለት ታስሯል፣ ተገርፏል፣ በብረት ቀፎ ውስጥ ተዘግቶበታል። ደጋግሞ ለማምለጥ ሞክሯል፤ አንድ ጊዜም ከስምንት ቀን በላይ በተራራ ላይ ቆይቶ ተይዟል። በችሎቱ የመሰከሩ የጦሩ የምርኮ ጉዳይ ባለሙያ ከቬትናም ጦርነት ወዲህ እንዲህ የተንገላታ የአሜሪካ ምርኮኛ እንደሌለ ተናግረዋል። አንድ ወታደር አጥፊ ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ በጠላት እጅ ሲሰቃይ ግን የሚሰቃየው ያ መለዮ ነው።

በመጨረሻም የቀሩት ወታደሮች አሉ። ሌሊት ቃፊር የቆመ ልጅ ከጎኑ ያለው ጓደኛው ቢጎድል እንደሚፈለግ ያምናል፤ እሱም ቢጎድል እንደዚያው። ይህ እምነት ስንቅና ጥይት ያህል የጦር አቅም ነው። «እንፈልግሃለን፣ ነገር ግን በመጀመሪያ ለምን እንደጠፋህ እንወስናለን» የተባለ ሠራዊት እምነቱ ይሸረሸራል፤ በደፈጣ መሐል ተለይቶ የቀረ፣ ደንግጦ የሮጠ፣ መንገድ የሳተ ሁሉ «ከድቷል ብለውኝ ይሆን?» ብሎ መጨነቅ ይጀምራል። የጦር ኃይሎች የጋራ ኤታማዦር ሹም የነበሩት ጄኔራል ማርቲን ዴምፕሲ በ2014 የያዙት አቋምም ይኸው ነበር፤ የወታደሩ ሥነ ምግባር ጥያቄ ሌላ፣ ከጠላት እጅ የማስመለስ ግዴታ ሌላ።

አሁን ወደ ከባዱ ክፍል እንምጣ። በ2009 ክረምት ለፍለጋ በሺዎች የሚቆጠሩ ወታደሮች ተሰማርተዋል። ከአንድ ወር በላይ፣ በዚያ ሙቀት፣ ምግብና ውኃ እያጠራቸው፣ ቅያሪ ልብስ ሳይኖራቸው ከመንደር መንደር ሲያስሱ ከረሙ። በጁላይ ወር የጆርጂያ ብሔራዊ ጥበቃ ባልደረባ የሆኑት ማስተር ሳጅን ማርክ አለን ለፍለጋ በወጡበት ግዳጅ ጭንቅላታቸውን በጥይት ተመቱ። ከዚያን ቀን ጀምሮ መናገርም መራመድም አልቻሉም፤ ሚስታቸው ዐሥር ዓመት አስታመሟቸው፤ በኦክቶበር 2019 አረፉ። የባሕር ኃይል ልዩ ኮማንዶው ጂሚ ሃች በሌላ ግዳጅ እግራቸውን ቆስለው ከውትድርና ወጡ፤ ቀድሟቸው የሄደው የጦር ውሻም ተገደለ። ሌላ ወታደር የአርፒጂ ቅምቡላ እጁን ሰባብሮበታል። የማርክ አለን ሚስት ችሎት ቀርበው ስለ ባላቸው ሲናገሩ፣ ያቀረቡት የሕግ ክርክር አልነበረም። የተናገሩት ባላቸው ለግዳጅ ወጥተው እንዲያ ሆነው ስለመቅረታቸው ነበር።

በዚህ ላይ ስለ ሞቱት የሚነገር አለ። የበርግዳል ጓዶች በዚያው ክረምት የሞቱ ስድስት ወታደሮች በፍለጋው ሳቢያ ሞቱ ሲሉ ቆይተዋል። ጄኔራል ዳል በ2015 ሲመሰክሩ ግን በቀጥታ በፍለጋው ምክንያት ስለሞተ ወታደር ማስረጃ እንዳላገኙ ተናገሩ። ሁለቱን ማስታረቅ የሚያዳግት አይመስለኝም። ፓክቲካ በዚያ ዓመት ያለ ፍለጋም ሰው የሚሞትባት ግንባር ነበረች። አንድ ቅኝት የወጣው ለፍለጋ ነው ወይስ ለዘወትር ሥራ ብሎ መለየት ለመርማሪ ይከብዳል፤ ሬሳ ላነሣ ጓደኛ ግን ያ ልዩነት ቁምነገር አይሆንለትም። ስለዚህ የጓዶቹን ምሬት «በማስረጃ አልተደገፈም» ብሎ መዝጋት ተገቢ አይደለም፤ ምሬታቸውን የፍርድ ማስረጃ ማድረግም ልክ አይሆንም። የቆሰሉት ግን የተረጋገጡ ናቸው፤ እነሱ ብቻ ጥያቄውን ከባድ ለማድረግ ይበቃሉ።

ተቃዋሚው እንዲህ ይላል፤ በርግዳል አደጋውን በራሱ ላይ ያመጣው ወድዶ ነው፤ ማርክ አለን ግን ወድደው አልነበረም፤ የአንዱን ምርጫ ዋጋ ሌላው ለምን ይክፈል? ይህ ክርክር የፍትሕ ክርክር ነው፤ እኔም ሙሉ በሙሉ የሚያረታ መልስ አለኝ አልልም። የምለው ይህን ነው፤ ክርክሩ የሚይዘው ምርጫው መረጋገጡን አስቀድመን ከተቀበልን ነው፤ ማረጋገጫው ደግሞ ሰውየው ተመልሶ ሲመረመር እንጂ ቀድሞ አይገኝም። ደግሞም የጦር ሕግ የቆሰለን ጠላት እንኳ ሐኪም እንዲያክም ያዛል፤ የተኮሰብንን ሰው ደሙን እያቆምን፣ የራሳችንን ሰው «ጥፋተኛ ሳትሆን አትቀርም» ብለን የምንተው ከሆነ ሚዛናችን ተዛብቷል።

ይሁንና መፈለግ አለበት ማለት በማንኛውም ዋጋ ይፈለግ ማለት አይደለም። ሁለቱ ሲቀላቀሉ ነው ክርክሩ መላ የሚያጣው። ጥርጣሬ የሌለበት፣ የተከበረ መኮንንም ቢሆን ፍለጋው ልክ ሊኖረው ይገባል። በቬትናም ጦርነት ኤፕሪል 2 ቀን 1972 ሌተና ኮሎኔል አይሲል ሃምብልተን አውሮፕላናቸው ተመትቶ በጠላት ጦር መሐል በጃንጥላ ወረዱ። እሳቸውን ለማውጣት በተደረገው ሙከራ አውሮፕላኖችና ሄሊኮፕተሮች ተመትተው 11 ሰዎች ሞቱ። በመጨረሻ ያወጣቸው የአየር ኃይሉ ብዛት አልነበረም። ቶም ኖሪስ የተባለ የባሕር ኃይል ኮማንዶና ንጉየን ቫን ኪየት የተባለ የደቡብ ቬትናም ወታደር ዓሣ አስጋሪ መስለው በሌሊት በታንኳ ሄደው አመጧቸው። ሃምብልተን ማንንም አልከዱም፤ ጥያቄው ግን ያው ነበር፤ ስንት ሰው፣ በየትኛው ዘዴ፣ እስከ መቼ?

ልኩን መወሰን ያለበት የጠፋው ሰው ባሕርይ መሆን የለበትም ባይ ነኝ። መታየት ያለበት የማግኘት ተስፋው ነው። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት መንገድ መዝጋት፣ ከሰማይ መቃኘት፣ መንደሮችን መክበብ ዋጋ አለው፤ የያዙት ሰዎች ገና ሩቅ አልሄዱም። ድንበር ከተሻገረ በኋላ ግን ፓክቲካን ማሰስ ለፈላጊው አደጋ እንጂ ለተፈላጊው ጥቅም የለውም። ከሁሉ ይልቅ መጠየቅ ያለበት በርግዳል ፓኪስታን ከገባ በኋላ የተካሄደው አሰሳ ነው፤ የጦሩ ስሕተት መፈለጉ ሳይሆን ትኩስ ወሬ ካለቀ በኋላ ሰው ማሰማራቱ ነው። ከዚህም ጋር ሁልጊዜ የሚዘነጉ ሰዎች አሉ። ሌሊት በሩ የተገነጠለበት፣ ግቢው የተፈተሸበት፣ ወንዶቹ ለምርመራ የተወሰዱበት የፓክቲካ ገበሬ በርግዳልን አያውቀውም። የፍለጋን ዋጋ የሚያሰላ ሰው እሱንም መቁጠር አለበት፤ በዋሽንግተን በተደረገው ሙግት ግን ስሙን ያነሣ ጥቂት ነው።

ቦታም እንዲሁ ይወስናል። በጁላይ 2023 ትራቪስ ኪንግ የተባለ የአሜሪካ ወታደር ሁለቱን ኮሪያዎች የሚለየውን መስመር በሩጫ አልፎ ሰሜን ኮሪያ ገባ። ከኋላው ጦር የላከ የለም፤ መላክ ጦርነት መጀመር ነበር። ስዊድን አማላጅ ሆና፣ በቻይና በኩል አልፎ በሴፕቴምበር ተመለሰ፤ በቀጣዩ ዓመት ኩብለላን አምኖ ተፈረደበት። እሱም ቢሆን አልተተወም፤ የተፈለገበት መንገድ ነው የተለየው።

በርግዳልም በመጨረሻ የተመለሰው በተኩስ አልነበረም። ሜይ 31 ቀን 2014 በኾስት አቅራቢያ አንድ ሄሊኮፕተር አረፈ፤ ጥቂት ሰዎች ነጭ ጨርቅ ይዘው ተቀራረቡ፤ ከአንድ ደቂቃ ብዙም ባልበለጠ ጊዜ ወታደሩ ተሳፈረ። በልዋጩ በኳታር አማካይነት አምስት የታሊባን ሹማምንት ከአሜሪካው የጓንታናሞ እስር ቤት ወጡ። ዋጋው ቀላል አልነበረም። የአሜሪካ ምክር ቤት እስረኞች ከጓንታናሞ ከመውጣታቸው በፊት የ30 ቀን ማስታወቂያ የሚጠይቅ ሕግ ነበረው፤ አስተዳደሩ አላከበረም፤ የመንግሥት ተጠያቂነት ቢሮም ሕግ መጣሱን አረጋገጠ። አምስቱም እንደ ተራ ሰው አልቀሩም፤ ካይሩላ ካይርክዋን የመሰሉት ከአሜሪካ ጋር በዶሃ በተደረገው ድርድር ተቀመጡ፤ ታሊባን በ2021 ካቡልን ሲይዝም የሥልጣን ወንበር አገኙ። እስራኤል በ2011 የተማረከ ወታደሯን ጊላድ ሻሊትን ለማስመለስ 1,027 እስረኞችን ስትፈታ የተነሣው ጭንቀትም ይኸው ነው። በልውውጥ የዳነው የፈላጊ ወታደር ነፍስ ነገ በሌላ ቦታ በሌላ ሰው ነፍስ ሊከፈል ይችላል። ቢሆንም ተደራዳሪ ዋጋውን አይቶ፣ መዝኖ፣ «በቃ» ማለት ይችላል። በጨለማ ደፈጣ ውስጥ የገባ መቶ ግን ያን ዕድል አያገኝም።

የእኛ ሰዎች ይህን ጉዳይ ከሩቅ ብቻ የሚያዩት አይደለም። በኢትዮጵያ የተወለደው እስራኤላዊ አቬራ መንግሥቱ በሴፕቴምበር 2014 ከእስራኤል የዚኪምን የባሕር ዳርቻ ተከትሎ አጥር አልፎ ጋዛ ገባ። እሱ ወታደር አልነበረም፤ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሲቪል ነበር። ቤተሰቡ ለወራት ጉዳዩን በአደባባይ እንዳይናገር ሆነ፤ ዜናው የወጣው በቀጣዩ ዓመት ነው። የተፈታው በፌብሩዋሪ 2025 ነው። በእስራኤል የሚኖሩ ቤተ እስራኤላውያን በእነዚያ ዓመታት ሲጠይቁ የነበረው፣ በራሱ እግር የሄደ፣ ድኻና ሕመምተኛ የሆነ ልጅ እንደ ሌላው ይፈለጋል ወይ የሚል ነበር። «ወዶ ሄደ» የሚለው ቃል ምን ያህል በቀላሉ የመዘንጋት ምክንያት እንደሚሆን ከአቬራ እናት በላይ የሚያስረዳ አይገኝም።

በርግዳል ከተመለሰ በኋላ ጦሩ ማድረግ ያለበትን አደረገ፤ ከሰሰው። ኦክቶበር 2017 ኩብለላንና በጠላት ፊት ጓዶቹን ለአደጋ ማጋለጥን አመነ። ዳኛው ኮሎኔል ጄፍሪ ናንስ ኖቬምበር 3 ቀን ከማዕረጉ ዝቅ ብሎ፣ በውርደት ተሰናብቶ፣ ዐሥር ሺህ ዶላር ከደመወዙ እንዲከፍል ፈረዱበት፤ እስር አልጨመሩም። በ2023 ደግሞ የፌዴራል ዳኛው ሬጂ ዋልተን ፍርዱን ሻሩት፤ ምክንያታቸው ኮሎኔሉ በዚያ ችሎት ላይ ሳሉ በፍትሕ ሚኒስቴር ሥር ለዳኝነት ሥራ ማመልከታቸውን አለመግለጻቸው ነው። ሙሉ ምርመራ በተደረገበት መዝገብ ላይ እንኳ ፍርድ ቤቶች ይህን ያህል ከለፉ፣ ከምሽጉ በዚያ ማለዳ ትክክለኛ ብያኔ መጠበቅ የማይሆን ነገር ነው።

ለፈላጊዎቹ ግን ጦሩ ማድረግ ያለበትን አላደረገም። ከሻለቃው የተመለሱ ወታደሮች ስለ ጉዳዩ እንዳይናገሩ የምስጢር ወረቀት አስፈርመውናል ብለዋል። በምርኮ ያለው ሰው ማዕረጉ ወደ ሳጅን ሲያድግ አዩ። ከተፈታ በማግስቱም የብሔራዊ ጸጥታ አማካሪዋ ሱዛን ራይስ በቴሌቪዥን ቀርበው በክብር ያገለገለ ወታደር ነው ሲሉ ሰሙ። ማዕረጉ ይደግለት፤ እስኪፈረድበት ድረስ ንጹሕ ነው። ምስጋናው ግን ላልነበረ ነገር ነበር፤ ብዙዎቹን ከፍለጋው ድካም ይልቅ ያስመረራቸውም እሱ ነው። አዛዥ ሰዎቹን ሲያሰማራ «ይህ ሰው ከድቶ ሊሆን ይችላል፤ የምንፈልገው ግን የእኛ ስለሆነና ፍርዱ የችሎት ስለሆነ ነው፤ እስከዚህ ቀን ድረስ፣ እስከዚህ ቦታ ድረስ ነው የምንሄደው» ብሎ መናገር ይችላል። ወታደር እውነቱን ሰምቶ መሄድ ይችላል። የቆሰለውም ለምን ግዳጅ እንደወጣ በመዝገብ ላይ በግልጽ ሊጻፍለት፣ ቤተሰቡም እንደ ማርክ አለን ቤተሰብ ዐሥር ዓመት ሲያስታምም ድጋፉ ሳይጓደልበት ሊኖር ይገባል።